ቅቤ፣ ኑግ፣ ተልባና በዘር የሚተላለፉ የእንቅስቃሴ በሽታዎች፦ የትኛው ቅባት ለየትኛው ሕመም?

እ.ኤ.አ. በ2025 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የአውስትራሊያው የኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲና የፊንላንዱ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የነርቭ ሴል ጉልበቱን ከስኳር ብቻ ሳይሆን ከቅባትም እንደሚያገኝ የሚያሳይ ጥናት አሳተሙ። በዘር የሚተላለፍ አንድ የእግር መገተር በሽታ ያለባቸውን የነርቭ ሴሎች ላብራቶሪ ውስጥ በልዩ ሁኔታ የተዘጋጀ ቅባት ሲሰጧቸው በ48 ሰዓት ውስጥ ጉልበታቸው ተመለሰ። እንዲህ ያለ ዜና ከሳይንስ መጽሔት ወጥቶ ስልክ ላይ እስኪደርስ ግን ብዙ ነገር ይረግፍበታል። መጀመሪያ «ቅባት ነርቭን ይጠግናል» ይሆናል፤ ቀጥሎ «ቅቤ ለነርቭ ጥሩ ነው»፤ ከዚያ አንዱ ተልባ፣ ሌላው የጥቁር አዝሙድ ዘይት፣ ሌላው ደግሞ የዓሣ ዘይት እንክብል ይጨምርበታል።

ነገሩ ለሰሜን ሸዋ ቤተሰብ ሩቅ አይደለም። በፍስክ የመንዝ በግ ላትና ቅቤ፣ በጾም ኑግና ተልባ ማዕዱን ይፈራረቁበታል። እግሩ የሚገተር ወይም ሲራመድ የሚወላገድ ልጅ ያለው ሰው «ቅቤ ላብዛለት? ጾሙን ላስቆመው? እንክብሉን ልግዛ?» ብሎ መጠየቁ ያለ ነው። መልሱ ከቤት ቤት ይለያያል። ቅባት ሲጨመርለት የሚሻለው በሽታ አለ፤ ያው ቅባት ሲነሣለት የሚሻለው አለ፤ ቢጨመርም ቢቀነስም የማይለወጠው ደግሞ ይበዛል። የሚለያያቸው የተበላሸው ጂን ነው፤ ጂን ማለት ከወላጅ ወደ ልጅ የሚወርደው የሰውነት አሠራር መመሪያ ነው።

ነርቭና ቅባት ምን አገናኛቸው

ውሃው ቢወጣለት የአንጎል ክብደት ግማሽ ያህሉ ቅባት ነው። የነርቭ ክር የሚጠቀለልበት ማየሊን የተባለው ሽፋን ይብሳል፤ ከደረቅ ክብደቱ ከ70 በመቶ በላይ ቅባት ነው። ከአንጎል ተነሥቶ በኅብለ ሰረሰር ወርዶ የእግርን እንቅስቃሴ የሚያዝዘው ክር በአዋቂ ሰው ከግማሽ ሜትር ይበልጣል፤ የሚቀልበው ሴል ግን በዓይን አይታይም። ይህን ያህል ርዝመት ያለውን ሽፋን ማደስ፣ ቅባት ማመላለስና ማቃጠል ትንሽ ከተዛነፈ ቀድሞ የሚራበው የክሩ ጫፍ ነው። ብዙዎቹ ሕመሞች ከእግር የሚጀምሩት ለዚህ ነው።

ቅባት የሚሠራው ከፋቲ አሲድ ነው። ፋቲ አሲድ እንደ መቁጠሪያ ዶቃ የተደረደሩ የካርቦን አቶሞች ሰንሰለት ነው። ዶቃዎቹ ሃይድሮጅን ሞልቶባቸው ሰንሰለቱ ቀጥ ያለ ከሆነ ሳቹሬትድ ይባላል፤ ቀጥ ያለ ነገር ተደራርቦ ስለሚገጥም ይረጋል። ቅቤና የፓልም ዘይት በደብረ ብርሃን ጠዋት ማንኪያ አላስገባ የሚሉት በዚህ ምክንያት ነው። ሰንሰለቱ መሐል ላይ ድርብ ማሰሪያ ካለ ይታጠፋል፤ ሳይደራረብም ፈሳሽ ሆኖ ይቀራል። ኑግና ተልባ እንዲህ ናቸው። የማሰሪያው ቦታ ደግሞ ኦሜጋ 3 ወይም ኦሜጋ 6 የሚል ስም ያሰጠዋል።

በሽታዎቹም ብዙ ናቸው። እግርን የሚገትረው ስፓስቲክ ፓራፕሌጂያ ብቻውን ከ80 በላይ ዓይነት አለው። ሚዛን የሚያሳጣው አታክሲያም እንዲሁ በብዙ ጂኖች ይመጣል። ሀንቲንግተን ደግሞ ሳያስቡት የሚወራጭ እንቅስቃሴ ያመጣል። ሁሉም «የነርቭ በሽታ» ቢባሉም ውስጣቸው የተሰበረው ዕቃ አንድ አይደለም።

የ2025ቱ ጥናት ያሳየውና ያላሳየው

የተጠናው ጂን ዲዲኤችዲ2 ይባላል። በእርሱ መመሪያ የሚሠራው ኤንዛይም በሴሉ ውስጥ በጠብታ መልክ የተከማቸውን ቅባት እየቆረጠ ፋቲ አሲድ ያወጣል። ጂኑ ከእናትም ከአባትም ተበላሽቶ ከመጣ ኤስፒጂ 54 የተባለው የእግር መገተር ይከተላል። ሕመሙ በልጅነት ይጀምራል፤ ብዙ ጊዜ ትምህርት የመቀበል ችግርም አብሮት አለ። አንጎሉ ውስጥ ያልተቆረጠ ቅባት ስለሚከማች፣ ከኤምአርአይ ጋር የሚሠራ ስፔክትሮስኮፒ የተባለ የኬሚካል ንባብ ክምችቱን ለይቶ ያሳያል።

እንግዲህ ልብ ማለት የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። የዚህ ልጅ የነርቭ ሴል ቅባት አላጣም፤ ጎተራው ሞልቶ ቁልፉ ነው የጠፋበት። በጎተራው ላይ ቅቤ መጨመር የሚያደርገው ነገር የለም። ተመራማሪዎቹ የሰጡት ቀድሞ የተፈታና ኮኤንዛይም ኤ ከተባለ ሞለኪውል ጋር ተያይዞ ለመቃጠል የተሰናዳ ፋቲ አሲድ ነበር። እንዲህ ያለው ከወጥም ከእንክብልም አይገኝም። ሥራውም የተሠራው በሣህን ላይ ባደጉ የነርቭ ሴሎች እንጂ በሰው ላይ አይደለም።

ሌላም እንቅፋት አለ። በአንጎልና በደም መካከል ያለው አጥር የተበላውን ቅባት ሁሉ አያሳልፍም። ዲኤችኤ የተባለው ረጅም ኦሜጋ 3 ኤምኤፍኤስዲ2ኤ በሚባል የተለየ በር ይገባል፤ ሳቹሬትድ ቅባቱን ግን አንጎል በአብዛኛው ለራሱ ይሠራል። በሣህን ላይ ሴሉን በቅባት መንከር ይህን አጥር መዝለል ነው። በ2019 የጃፓን ተመራማሪዎች ፒኤልኤ2ጂ6 የተባለው ጂን የተበላሸባቸውን ዝንቦች ሊኖሌይክ አሲድ መግበው የነርቭ ሽፋናቸው ሲሻሻል አይተዋል። ሊኖሌይክ አሲድ የኑግ ዘይት ዋና ክፍል ስለሆነ ከዚህ ወደ «ኑግ ያድናል» ለመዝለል ያጓጓል። የዝንብ ጥናት የሚጠቅመው ግን ቀጥሎ ምን መፈተን እንዳለበት ለማመልከት ነው።

መጨመር የሠራባቸው

ከሁሉ ግልጹ ምሳሌ ኤስሲኤ 38 የተባለው አታክሲያ ነው። ጂኑ በ2014 ታወቀ፤ ኢሎቭል5 ይባላል፤ ሥራው አጭር ፋቲ አሲድን ማስረዘም ነው። ሲበላሽ ዲኤችኤ በደም ውስጥ ይወርዳል። የጣሊያን ሐኪሞች ለ10 ሕመምተኞች ሙከራ አደረጉ፤ ለገሚሱ በቀን 600 ሚሊግራም ዲኤችኤ፣ ለገሚሱ ፕላሴቦ ማለትም መድኃኒት የሚመስል ባዶ እንክብል ለ16 ሳምንት ሰጡ፤ ከዚያ ለሁሉም ዲኤችኤው ለ40 ሳምንት ቀጠለ። ሚዛንንና አነጋገርን የሚለካው ነጥብ ተሻሻለ፤ በትንሹ አንጎል ውስጥ የሚቃጠለው ስኳርም ጨመረ። 10 ሰው ጥቂት ነው፤ ግን የጎደለውን ነገር ለይቶ መተካት ስለሆነ አመክንዮው ጠንካራ ነው። እነዚህን ሕመምተኞች በተልባ መርዳት አይቻልም። ተልባ የሚሰጠው አጭሩን ኦሜጋ 3 ነው፤ አጭሩን ወደ ዲኤችኤ የሚያሻግረው ድልድይ ደግሞ በእነርሱ የተሰበረው ራሱ ነው።

ሁለተኛው ግሉት 1 የተባለው ስኳር አሻጋሪ ሲጎድል የሚመጣው ነው። አንጎል ከደም ስኳር መውሰድ ያቅተዋል፤ ልጁ የሚጥል ሕመም፣ ሲሮጥ ወይም ሲርበው የሚነሣ የእጅ እግር መጠማዘዝ ይታይበታል። ጠዋት ከቁርስ በፊት ብሶ ቁርስ ሲበላ መሻሉ ምልክት ነው። ሕክምናው ኬቶጀኒክ አመጋገብ ነው፤ ጉበት ከቅባት ኬቶን የተባለ ማገዶ እንዲሠራና አንጎል በስኳሩ ፈንታ እርሱን እንዲያነድ ማድረግ ማለት ነው። በጥብቁ መጠን ለ1 ግራም የፕሮቲንና የካርቦሃይድሬት ድምር 4 ግራም ቅባት ይመደባል፤ ከጠቅላላው ካሎሪ 90 በመቶ ከቅባት ይመጣል ማለት ነው። እንጀራ ላይ ቅቤ ማብዛት ኬቶጀኒክ አይሆንም፤ የእንጀራው ካርቦሃይድሬት ብቻውን ኬቶኑን ያጠፋዋል። አመጋገቡ የኩላሊት ጠጠር፣ የሆድ ድርቀትና የደም አሲድነት ሊያመጣ ስለሚችል፣ ቅባት ማቃጠል በማይችሉ ሌሎች የዘር በሽታዎች ላይ ደግሞ ሊገድል ስለሚችል፣ ከምርመራ በፊትና ያለ ምግብ ባለሙያ አይጀመርም። ለዚህ ልጅ እስከ 9 ሰዓት ጦም መዋል ራሱ ሕመሙን ይቀሰቅሳል።

ሦስተኛው ቅባት ሳይሆን ቅባት የሚሸከመው ቫይታሚን ነው። ቲቲፒኤ የተባለው ጂን ሲበላሽ ጉበት ቫይታሚን ኢን ወደ ደም መመለስ ይሳነዋል። በአብዛኛው ከ5 እስከ 15 ዓመት ባለው ዕድሜ ሚዛን ማጣት፣ የራስ መንቀጥቀጥና እግር የት እንዳለ አለማወቅ ይጀምራል። መልኩ ፍሬድራይክ አታክሲያ ከተባለው የማይድን በሽታ ጋር እጅግ ይመሳሰላል፤ ይህኛው ግን ይታከማል። ለአዋቂ በቀን ከ800 እስከ 1500 ሚሊግራም ቫይታሚን ኢ ለሁለት ተከፍሎ፣ ቅባት ካለበት ምግብ ጋር፣ ዕድሜ ልክ ይወሰዳል። የጾም ወጥ ላይ ያለው ዘይት ለዚህ ይበቃል። በጊዜ ከተጀመረ በሽታው ይቆማል፤ ምልክት ሳይመጣ የተጀመረለት ወንድም ወይም እህት ደግሞ ላይታመም ይችላል። ለመለየት የሚበቃው የደም ቫይታሚን ኢ መለካት ነው። አታክሲያ ያለበት ልጅ ሁሉ ይህን ምርመራ ሳያገኝ «የማይድን ነው» ተብሎ መሸኘት የለበትም።

መቀነስ የሚያድንባቸው

ሬፍሰም የተባለው በሽታ የቅቤን ወሬ ይገለብጠዋል። ሕመምተኛው ፋይታኒክ አሲድ የተባለውን ፋቲ አሲድ ማፍረስ አይችልም፤ እየተጠራቀመ ነርቩን፣ ዓይኑን፣ ጆሮውን ይጎዳል። የመጀመሪያው ምልክት ብዙ ጊዜ ዳፍንት ነው፤ እርሱም የቫይታሚን ኤ እጥረት ተብሎ ይታለፋል። ከዚያ ሽታ አለመለየት፣ የእግር መደንዘዝና ሚዛን ማጣት፣ የጆሮ መድከም፣ እንደ ቅርፊት የሚነሣ ቆዳ ይከተላሉ።

ፋይታኒክ አሲዱ የሚመጣው ከሚያመሰኩ እንስሳት ነው። ላምና በግ ሣር ሲበሉ፣ ሆዳቸው ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች በቅጠሉ አረንጓዴ ቀለም ውስጥ የታሰረውን ፋይቶል የተባለ ነገር ይፈቱታል፤ እርሱ ተለውጦ በቅቤው፣ በወተቱ፣ በጮማውና በላቱ ውስጥ ይቀመጣል። ዓሣም አለበት። የሰው ሆድ ግን ቀለሙን መፍታት ስለማይችል ጎመን መብላት አይጎዳም። ምዕራባውያን በቀን በአማካይ ከ50 እስከ 100 ሚሊግራም ይበላሉ፤ ለሕመምተኛው የሚፈቀደው ከ10 ሚሊግራም በታች ነው። ከዚህ አንጻር ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመንና የኑግ ዘይት ያለበት የጾም ማዕድ ለሬፍሰም ሕመምተኛ ሐኪም ከሚያዝዘው ምግብ ብዙም አይርቅም፤ አደጋው የሚመጣው በፋሲካ ዶሮ ወጥ ቅቤና በክትፎ ነው።

ግን የጾሙ ሌላ ገጽታ ተቃራኒ ነው። ለረጅም ሰዓት ምንም ሳይቀምሱ መቆየት ወይም በፍጥነት መክሳት በሰውነት ቅባት ውስጥ ተኝቶ የነበረውን ፋይታኒክ አሲድ ባንዴ ወደ ደም ይለቀዋል፤ ሕመሙም በድንገት ሊባባስ፣ ልብን ሊነካ ይችላል። የጾሙ ምግብ ይጠቅመዋል፤ የጾሙ ሰዓት ይጎዳዋል። እንዲህ ያለውን ልዩነት ሐኪሙ ለይቶ ከነገራቸው የንስሐ አባትም ሰዓቱን ለማንሣት አይቸገሩም።

አድሬኖሉኮዲስትሮፊ የተባለው ሁለተኛው በሽታ የጎመን ዘር ነገር ስላለበት መነሣት ይገባዋል። ኤቢሲዲ1 የተባለው ጂን ሲበላሽ 26 ካርቦን የሚደርሱ በጣም ረጃጅም ፋቲ አሲዶች ይከማቻሉ። በወንድ ልጅ አንጎልን በፍጥነት ሊያፈርስ ይችላል፤ በአዋቂ ወንድ ደግሞ ከ20ዎቹ ዕድሜ በኋላ ቀስ በቀስ የሚገትር የእግር ሕመም ሆኖ ይመጣል። ኦገስቶና ሚካኤላ ኦዶኔ የተባሉ ባልና ሚስት በ1980ዎቹ ለታመመ ልጃቸው ሎሬንዞ አንድ ዘይት እንዲሠራ አደረጉ፤ 4 እጅ ከኦሌይክ አሲድ፣ 1 እጅ ከኤሩሲክ አሲድ የተቀመረ ነው። ሁለቱ ሰንሰለት የሚያስረዝመውን ኤንዛይም ስለሚሻሙ በደም ያለው የረጃጅሙ ቅባት መጠን በሳምንታት ውስጥ ይወርዳል። ደሙ ቢስተካከልም ምልክት የጀመረባቸውን ልጆች በሽታ አላቆመም። በ2005 የወጣ ጥናት ገና ባልታመሙ 89 ልጆች ላይ ሊረዳ እንደሚችል ቢጠቁምም፣ የሚወዳደር የፕላሴቦ ቡድን ስላልነበረው ክርክሩ አልተዘጋም።

ኤሩሲክ አሲድ በጎመን ዘር ዘይት ውስጥ በብዛት አለ። ምጣድ የሚታሰስበት ያው ጎመን ዘር ማለት ነው። ከዚህ ተነሥቶ ዘይቱን በማንኪያ ማጠጣት ግን ስሕተት ነው። የሎሬንዞ ዘይት ሌሎቹ ቅባቶች ተጣርተው የወጡለት፣ ከዝቅተኛ የቅባት ምግብ ጋር የሚሰጥና ደም የሚያረጉትን ፕሌትሌቶች ሊያወርድ ስለሚችል ደም እየተመረመረ የሚወሰድ ነው። ይልቅ በዚህ በሽታ ሊዘነጋ የማይገባው የአድሬናል ዕጢ መድከም ነው፤ ድካም፣ ማስመለስና የቆዳ መጥቆር ያለበት ሰው የዕጢውን ሆርሞን የሚተካውን ሃይድሮኮርቲሶን ካላገኘ ከነርቩ በፊት እርሱ ሊገድለው ይችላል።

የሚያከራክረው፦ ፈሳሹ ቅባት ጋሻ ነው ወይስ ማገዶ?

ብዙ ድርብ ማሰሪያ ያላቸው ፈሳሽ ቅባቶች የነርቭን ሽፋን ተጣጣፊ ያደርጋሉ፤ ይህ የደጋፊዎቹ ክርክር ነው። ሌሎች ደግሞ እነዚሁ ማሰሪያዎች ኦክስጅን ቶሎ የሚያጠቃቸው ደካማ ቦታዎች መሆናቸውን ያነሣሉ። አንዱ ሲበላሽ ጎረቤቱን ያበላሻል፤ የቆየ ዘይት ጠረን የሚለውጠው በዚሁ መንገድ ነው። በፍሬድራይክ አታክሲያ የሴሉ ማይቶኮንድሪያ፣ ማለትም ጉልበት የሚመነጭበት ክፍል፣ ብረት ስለሚከማችበት ይህ መበላሸት ይፈጥናል።

ስለዚህ አንድ ኩባንያ ብልህ ነገር ሞከረ። ሊኖሌይክ አሲድን ወስዶ ደካማው ቦታ ላይ ያለውን ሃይድሮጅን ዲዩቴሪየም በተባለው ከባድ ሃይድሮጅን ተካው፤ ኦክስጅን በቀላሉ እንዳይነቅለው። የመጀመሪያው ትንሽ ሙከራ ተስፋ ሰጠ፤ በ2021 ውጤቱ የታወቀው ትልቁ ሙከራ ግን ዋና መለኪያውን አልመታም። ለዚህ በሽታ በየካቲት 2023 በአሜሪካ የተፈቀደው ኦማቬሎክሶሎን ቅባት አይደለም፤ የሴሉን የራሱን መከላከያ የሚቀሰቅስ መድኃኒት ነው። በሀንቲንግተንም ከዓሣ ዘይት የሚወጣው ኢፒኤ በ316 ሰዎች ላይ በቀን 2 ግራም ለ6 ወር ተሞክሮ፣ ውጤቱ በ2008 ሲወጣ ከፕላሴቦው አልተሻለም። የሀንቲንግተን ሕመምተኛ በጣም ስለሚከሳ ካሎሪ መጨመር ያስፈልገዋል፤ ያኔ ቅቤውም ዘይቱም የሚሰጠው ለክብደቱ እንጂ ለጂኑ ተብሎ አይደለም።

ሁለቱም ወገን እውነት አለው። የኦክስጅኑ ክርክር በላብራቶሪ ጠንካራ ቢሆንም «ኑግ አትብላ» ለማለት የሚያበቃ የሰው ማስረጃ የለውም። ሊኖሌይክ አሲድ ሰውነት ራሱ ሊሠራው የማይችል የግድ ምግብ ነው።

በድስቱ ውስጥ ያለው

ከኑግ ዘይት ከ70 በመቶ ያላነሰው ሊኖሌይክ አሲድ ነው፤ ኦሜጋ 6። ከተልባ ዘይት ከግማሽ በላዩ አልፋ ሊኖሌኒክ አሲድ ነው፤ ኦሜጋ 3። የፓልም ዘይት 44 በመቶ ገደማ ፓልሚቲክ አሲድ፣ 40 በመቶ ገደማ ኦሌይክ አሲድ ነው። ተልባ የደጋው ሰው የኦሜጋ 3 ምንጭ ነው፤ ዓሣ በሌለበት ሌላ ብዙ ምርጫ የለም። 7 ግራም ያህል የተወቀጠ ተልባ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ መሆኑ ነው፣ 1.6 ግራም አልፋ ሊኖሌኒክ ይሰጣል፤ ለአዋቂ ወንድ የቀን ፍላጎት ይበቃል። ሳይወቀጥ ከተዋጠ ፍሬው እንዳለ ስለሚወጣ ጥቅም የለውም። ተልባው ጤናማ ምግብ ነው፤ ሰውነት ከእርሱ የሚሠራው ዲኤችኤ ግን በጣም ጥቂት ስለሆነ የዲኤችኤ መድኃኒት ምትክ አይሆንም።

ኑግም ተልባም ቶሎ ይበላሻሉ። ከመጭመቂያ የመጣ ዘይት በጠባብ አፍ ጠርሙስ እስከ አፉ ተሞልቶ፣ ብርሃን በማያገኘው ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ፤ የአንድ ወር ያህሉን ብቻ መግዛት ይሻላል። ተልባውም እንደተወቀጠ ቢጠጣ ነው። የመረረ ወይም ቀለም ቀለም የሚሸት ዘይት በቁሌት ጠረኑ ቢሸፈንም አይድንም።

«የዘር ነው» ከማለት በፊት

በጥቁር አፈር ወረዳዎች ጓያ ይዘራል፤ ድርቅ ሲመጣ ሌላው እህል ቀርቶ ጓያው ይተርፋል። ኦዳፕ የተባለው መርዙ፣ ጓያ ዋና ምግብ ሆኖ ለወራት ሲበላ፣ ሁለቱን እግሮች ይገትራል። በ1970ዎቹ አጋማሽ ጎንደር፣ በ1990ዎቹ ደግሞ ወሎ ደላንታና ዳውንት ብዙ ሰው ሽባ ያደረገው ይህ ነው። ከአንድ ድስት የበሉ ወንድማማቾች አብረው ስለሚታመሙ የዘር በሽታ ይመስላል። መለያው ፍጥነቱ ነው፤ የጓያው በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ መጥቶ እዚያው ላይ ይቆማል፤ የዘሩ በዓመታት እየገፋ ይሄዳል። ጓያውን ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋትና ከስንዴ፣ ከገብስ ወይም ከጤፍ ጋር ቀላቅሎ መብላት አደጋውን ይቀንሳል። የሰበረውን እግር ግን ዘይት አይመልሰውም።

የቫይታሚን ቢ12 እጥረትም እግር ያደነዝዛል፤ በጨለማ ሲሄዱ ያወላግዳል። ጉበት ለዓመታት የሚሆን ስለሚያከማች የጾም ወራት ብቻቸውን አያመጡትም፤ በፍስክም ወተት፣ እንቁላልና ሥጋ ለማይደርሳቸው፣ ለአረጋውያንና ሜትፎርሚን ለረጅም ጊዜ ለሚወስዱ የስኳር ሕመምተኞች ግን ያሰጋል። በመርፌ ይታከማል፤ ከዘገየ ግን ጉዳቱ ይቀራል። የአከርካሪ ቲቢ የጀርባ ሕመምና ጉብጠት ይዞ እግር ይይዛል። እነዚህን ሳይፈትሹ ስለ ጂን ማውራት ከጅራቱ መጀመር ነው።

እውነት የዘር ከሆነ በብዛት የሚመጣው በሁለት መንገድ ነው። ከሁለቱም ወላጅ የተበላሸ ቅጂ ሲወረስ የሚመጣው በእያንዳንዱ እርግዝና 25 በመቶ ዕድል አለው፤ ከአንዱ ወላጅ ብቻ የሚበቃው 50 በመቶ። ሰባት ቤት ቆጥሮ የመጋባት ሥርዓት የመጀመሪያውን ዓይነት ይቀንሳል፤ ሁለተኛውን ግን አይነካውም። የሥርዓቱ ሌላ ጥቅም ብዙ ጊዜ አይታሰብም፦ ሐኪም በብዕር ሊሥለው የሚቸገረውን የዘር ሐረግ አያት በቃላቸው ያወርዱታል።

ሐኪም ዘንድ ይዞ የሚኬደው

ይህ ሐረግ ተጽፎ ይያዝ፤ ማን ታመመ፣ በስንት ዓመቱ ጀመረው፣ ማን ሳይታመም አረጀ፣ ማን በሕፃንነቱ ሞተ። የድሮ ጫማ ማምጣትም ይረዳል፤ እግሩ የሚገተር ሰው ጫማ ቀድሞ የሚያልቀው ከጣቶቹ በኩል ነው። በልጅነት የዓይን ሞራ፣ የማይቆም ተቅማጥ ወይም የተረከዝ ጅማት ላይ እብጠት ከነበረ ይነገር፤ ይህ ሲቲኤክስ የተባለውን በኬኖዲኦክሲኮሊክ አሲድ የሚታከም በሽታ ሊያመለክት ይችላል። ከደብረ ብርሃን እስከ አዲስ አበባ ያለው 130 ኪሎ ሜትር ለብዙ ምርመራ መኬዱ አይቀርም፤ የጂን ምርመራውም ብዙ ጊዜ ናሙናው ወደ ውጭ ተልኮ ነው የሚሠራው። ስለዚህ በቅድሚያ ቢ12፣ ቫይታሚን ኢ እና ኤምአርአይ ቢጠየቅ መታከም የሚችሉት በሽታዎች ቀድመው ይለያሉ።

ዲኤችኤ የታዘዘለት ሰው የዕቃውን ጀርባ ያንብብ። ፊቱ ላይ «1000 ሚሊግራም የዓሣ ዘይት» የሚለው የተለመደው እንክብል ውስጡ ያለው ዲኤችኤ 120 ሚሊግራም፣ ኢፒኤው 180 ሚሊግራም ነው፤ 600 ለመሙላት በቀን 5 እንክብል ይጠይቃል። በጾም ለማይፈልገው ከአልጌ የተሠራ ዲኤችኤ አለ። ደም የሚያቀጥን ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው በከፍተኛ መጠን ቫይታሚን ኢም ሆነ ኦሜጋ 3 ሐኪሙን ሳያማክር አይጀምር።

የተጀመረው ነገር መሥራት አለመሥራቱ ደግሞ በስሜት አይታወቅም። 10 ሜትር በገመድ ይለካ፤ ሕመምተኛው በአንድ ዓይነት ጫማ፣ በቀኑ ተመሳሳይ ሰዓት ላይ ሦስት ጊዜ ይሂድና የሰከንዱ አማካይ ይጻፍ፤ በየሦስት ወሩ ይደገም። የተገተረ ጡንቻ በብርድ ይብሳል፤ በኅዳር ውርጭ የተለካው ከሚያዝያ ጋር ከተወዳደረ ለዘይቱ የማይገባው ምስጋና ይሰጠዋል፤ የኅዳሩ የሚወዳደረው ከመጪው ኅዳር ጋር ነው።